እየሰማሁ ነው

ማቲዩ ያኔ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ኦታኪ በምትባል መንደር፣ ከጎመኑ ማሳ ዳር፣ ከተደረደሩት ሣጥኖች ጀርባ ተቀምጦ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማ። አንደኛው አጎቱ ፖታኤ ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ የማኦሪዎቹ ዘር ቆጣሪ። ሁለተኛው ከቻይና መጥቶ ጎመን ሲያለማ የማቲዩን አክስት ያገባው ላው።

«በእኛ መንደር ተራኪው ታሪኩ ጭንቅ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን በእንጨት ቋ ያደርግና ዝም ይላል» አለ ላው። «ሰው ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ይቀራል። ማወቅ የፈለገ ነገ ይመለሳል።»

«የእኛ መሐል ላይ አይቆምም» አለ አጎቱ እየሳቀ። «ዘር ስትቆጥር ከቆምክ ያልተጠራው ሟች ደጅ ቀረ። ስሙን የዘለልክበት ሰው ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።»

የቀረውን ማቲዩ አጥርቶ አያስታውሰውም። ነፋስ ነበር። «ለዚያ ልጅ አወርሰዋለሁ» የምትል ነገር ጆሮው ጥልቅ ብላለች። የትኛው ልጅ እንደሆነ አልሰማም። እሱ ግን «እኔ ነኝ» ብሎ አመነ።

አመነና አርባ ዓመት ሰማ። ቀብርም ይሁን ሠርግ፣ አጎቱ በተናገረበት ሁሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማ። ማንም ሳያስተምረው የዘሩን ሃያ ሁለት ትውልድ በቃሉ ያዘ። ጠዋት ጎመን ሲኮተኩት ከዳዊቱ ቀጥሎ እነሱን ይደግማል።

አጎቱ ሊሞት ሲል ግን የዘር ቆጣሪነቱን ምልክት፣ የተቀረጸውን የተናጋሪ በትር ለላው ልጅ ለቱሪ ሰጠው። ለቀልደኛው፣ ለአፈ ጮሌው፣ ቀብር እንኳ አርፍዶ ለሚመጣው ቱሪ። ማቲዩ እጁን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። ቂም ይዞ መጸለይ እንደማይገባ ያውቃል፤ ስለዚህ ለዘመዶቹ ሲጸልይ የቱሪን ስም ብቻ ይዘላት ጀመር።

ዓመቱ ሲሞላ፣ በልማዳቸው ተሸፍኖ የቆየው የአጎቱ የመቃብር ድንጋይ ሊገለጥ፣ እንግዶች ከዋዜማው መጡ። ቱሪ በትሩን ይዞ በመሰብሰቢያው ቤት በረንዳ ላይ ቆመ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ነጎድጓድ ይመስል ነበር። ማቲዩን ያንገበገበውም ይኸው ነው፤ የእሱ ስሞች በሌላ ሰው አፍ እንዲህ ማማራቸው። ዐሥረኛውን ትውልድ ሲጨርስ ቱሪ ሳንቃውን በበትሩ ቋ አድርጎ ዝም አለ። ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው። እንግዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

ዝምታው ረዘመ። ማቲዩ የቱሪ ጆሮ ሲቀላ አየ። የሚቀጥለው ስም ጠፍቶበታል።

ሂኔፓሪ፣ ዐሥራ አንደኛዋ። ማቲዩ ምላስ ጫፍ ላይ ነበረች። በመሐላቸው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ ሹክ ቢለው በበቃ። ከንፈሩን ገጠመ። «ይቅመሳት» አለ በልቡ።

አክስታቸው ሄራ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ዜማ አነሣች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ተናጋሪ ሲሰናከል በዜማ ነው የሚሸፈነው። ቱሪ ተቀመጠ። ሂኔፓሪ ግን ደጅ ቀረች።

ምሳ ሊወጣ ሲል ቱሪ ከምድር ምድጃው አጠገብ አገኘው። ማቲዩ ከጋሉት ድንጋዮች ላይ ስኳር ድንች በቅርጫት ያወጣ ነበር።

«ታውቃት ነበር» አለ ቱሪ።

«ማንን?»

«ተው እንጂ። ጎመኑ ሁሉ በቃሉ የያዛትን ሴትዮ።»

ማቲዩ ቅርጫቱን አስቀመጠ። «አውቃት ነበር።»

«እያወቅክ ዝም አልከኝ?»

«በትሩ አንተ ጋ አይደል? እሱን ጠይቀው።»

ቱሪ ሊስቅ ብሎ ተወው። «አጎታችን ሦስት ጊዜ ጠየቀህ'ኮ። እዚያው ነበርኩ። ‹ማቲዩ፣ ዛሬ አንተ ተነሥ› አለህ። ምን አልከው?»

ማቲዩ አሰበ። በእናቱ ለቅሶ ላይ አጎቱ ዞር ብሎ አይቶት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀ ዕለትም።

«‹እየሰማሁ ነው› አልከው። ሦስቱንም ጊዜ። በትሩን ሲሰጠኝ ያለኝን ልንገርህ? ‹አንተ ቢያንስ ትነሣለህ።› ይኼ ነው ምርቃቴ።»

ማቲዩ የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ያዘ። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ግን የሚያርፍበት ሰው አጣና ዞሮ እሱው ላይ ተቀመጠ።

«ነገ ድንጋዩ ሲገለጥ ደግሜ እቆጥራለሁ» አለ ቱሪ። «እሷን ደጅ ትቼ ሽማግሌውን አላሰናብትም። ከኋላዬ ተቀመጥና ሹክ በለኝ።»

«ከኋላ አርባ ዓመት ተቀመጥኩ። በቃኝ።»

«እና፣ ትነሣለህ?»

ማቲዩ «እየሰማሁ» ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዋጣት። «እስከ ዐሥረኛው አንተ ቁጠር» አለ። «ከሂኔፓሪ ጀምሮ እኔ እነሣለሁ። በትርህን ግን መሐል ላይ ቋ እንዳታደርግብኝ።»

«የአባቴ ልማድ ነው። እሱም'ኮ ሟች ነው፣ ደጅ ልተወው?»

ማቲዩ ይህን አላሰበውም ነበር። «እንግዲያስ ስሟን ከጠራሁ በኋላ አድርጋት» አለው።

ቱሪ የቅርጫቱን ሌላ ጆሮ አነሣ።

«እሺ» አለ። «ከስሟ በኋላ።»