በራሷ የማትነሣው ሰርቨር

አውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ይነግሥ ነበር። ሰርቨሯ ትነሣለች፣ ማራገቢያዋ ይጮኻል፣ መብራቶቿ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ መንገደኛውንና ወንበሩን መዝግቦ የያዘው ዳታቤዝ ግን ተኝቶ ይቀራል። ቲኬት ቆራጮቹ በየመስኮታቸው እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፣ ሰልፈኛው መሳደብ ይጀምራል፣ ሥራ አስኪያጁም «ሐኪሙን ጥሩልኝ» ይላሉ።

ሐኪሙ ሕክምና ቤት ደጃፍ የሚደርሰው ሲያመው ብቻ ነው። የድርጅቱ ብቸኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ስሙን ያወጡለት ቲኬት ቆራጮቹ ናቸው። ማሽን ክፍሉ ገብቶ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግንባሩን እየጠረገ ይወጣና «ተርፋለች» ይላል። አንድ ጊዜማ ጆሮውን ሳጥኗ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ በመስታወቱ አይተውት ኮሪደሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

ጉዱ ወዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ በተናፈሰ ሰሞን፣ ማሽኗ ስትነሣ ዳታቤዙም አብሯት እንዲነሣ የሚያደርገውን ትእዛዝ ሐኪሙ በገዛ እጁ አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ቀስቃሹ እሱ ብቻ ሆነ። መቀስቀስ ማለት ደግሞ አንድ መስመር ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። በቀረው ሩብ ሰዓት ስልኩ ላይ ዳማ ይጫወታል። ላቡን የሚያመጣው ከውሃ ጠርሙሱ ነው። ቅነሳው ሲመጣ ከሒሳብ ክፍል ሁለት ሰዎች ተሸኙ፤ ለእሱ ግን የሚሽከረከር ወንበር ተገዛለት።

መዘዙ የመጣው በቤቱ በኩል ነው። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሦስት ጊዜ ለእረፍት ወደ ባሕር ተነሥተው ሦስቱንም ጊዜ ስልክ ተደውሎ ከመንገድ ተመልሰዋል። ዘንድሮ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። የእሷን ልብስ በአንድ ሻንጣ፣ የእሱን በሌላ ሻንጣ ሸክፋ በሩ አጠገብ አቆመቻቸው።

«ከተደወለ አንተ ትመለሳለህ፣ እኔ እቀጥላለሁ» አለችው። «እስከ የት እንደምቀጥል ያን ጊዜ አስብበታለሁ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሐኪሙ ደግሞ ሚስቱን የሚፈራት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ስትናገር ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ይሁን አሉ። ግን ከመሄዱ በፊት ማሽኗ እሳቸው ፊት ጠፍታ፣ ማንም ሳይነካት፣ ዳታቤዙ በራሱ ሲነሣ ማየት ይፈልጋሉ። ሐኪሙ በሆዱ ሳቀ። ያጠፋውን መልሶ ማብራት፣ በቃ። ለወጉ ያህል ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ነገሩ ከባድ እንደሆነ፣ ቢሆንም እንደሚሞክር ነገራቸው።

በሚሄዱበት ዕለት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ወንበር አስይዘው ማሽን ክፍሉ ገቡ፤ በሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍት ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ያቺን ትእዛዝ መለሳት፣ ማሽኗን አጥፍቶ አበራ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ማራገቢያዋ ጮኸ፣ መብራቶቿ ብልጭ ድርግም አሉ።

ዳታቤዙ ተኝቷል።

ደገመው። አሁንም ተኝቷል።

የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየ፤ ገና ግማሹ ባዶ ነው። የይለፍ ቃሉን አየ፤ አልተነካም። በእጁ ሲቀሰቅሰው እንደ ወትሮው ብድግ ይላል፤ ማሽኗን አጥፍቶ ሲያበራት ግን እምቢኝ። ደጅ ሰልፉ ረዘመ። እሱና ሚስቱ የሚሄዱበት አውቶቡስ ራሱ መንገደኛ መጫን አቅቶት ሞተሩን እያንተከተከ ቆሟል። በሐኪሙ ጀርባ ላብ ወረደ፤ ያሁኑ ከጠርሙስ አልነበረም።

«አይ ልጄ» አሉ ሥራ አስኪያጁ ከልባቸው አዝነው፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለፋልን?»

ይህን ጊዜ ሚስቱ ሁለቱን ሻንጣዎች እየጎተተች በሩ ላይ ደረሰች። ማሽኗን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀች።

«ስድስት» አለ ሐኪሙ።

«እኔ የማዋልዳቸው በዓመታቸው ቆመው ይሄዳሉ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

መግቢያ ቀዳዳ ሲያጣ ሐኪሙ በስድስት ዓመት ውስጥ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ቁጭ ብሎ፣ ዳታቤዙ ራሱ ለምን እንዳልተነሣ የመዘገበውን መልእክት አነበበ። መረጃው ያለበት ቦታ ባዶ ነው ይላል። እንዴት ባዶ ይሆናል? ከዚያ ድንገት በራለት። አምና መረጃው ሲበዛ ወደ ሌላ ትልቅ ዲስክ አዛውሮት ነበር። ያ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ማሽኗ ከተነሣች በኋላ አርፍዶ ነው ሥራ የሚገባው። ዳታቤዙ ይነሣና መረጃውን ሲፈልግ ኦና ቤት ያገኛል፣ ተስፋ ቆርጦ ተመልሶ ይተኛል። ሐኪሙ ተጠርቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ዳማውን ጨርሶ ሲቀሰቅሰው ግን ዲስኩ ከገባ ቆይቷል። የፈጠራው በሽታ እውነተኛውን በሽታ ሸፍኖለት ኖሯል።

ዲስኩ ሳይገባ ዳታቤዙ እንዳይነሣ የምታዝ አንዲት መስመር ጨመረ። አጥፍቶ አበራ። ከወዲያኛው ክፍል የቲኬት ማተሚያዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ አላመኑም፤ ራሳቸው ተነሥተው ማሽኗን አጠፏት፣ አበሯት። ተነሣ። ደገሙት። ተነሣ። የሐኪሙ ዓይን እንባ አቀረረ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ማዳኑ ነው።

«ይቺው ናት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ወደ መስመሯ ጎንበስ ብለው።

«ይቺው ናት» አለ በኩራት፣ ሳያስብ።

ሽማግሌው መስመሯን አዩ። እሱን አዩ። የሚሽከረከረውን ወንበር አዩ። ከዚያ እንደ አባት ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ሁለት ሳምንት ነበር የጠየቅኸው? ወር ይሁንልህ። አትቸኩል።»

መንገዱን ሙሉ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተጓዘ። ሚስቱ ትከሻው ላይ ተኛች። አልተደወለም። ባሕሩ ዘንድ ደርሰው ጥቂት ቀን አደሩ፤ አልተደወለም። አንድ ጠዋት ሚስቱ ውሃው ውስጥ ስትንቦጫረቅ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ቢሮ ደወለ። አንዲት አዲስ ቲኬት ቆራጭ አነሣች። መብራት ጠፍቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት፤ ትናንት ብቻ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጥቷል አለችው። ማሽኗስ? ማሽኗ ምን ትሆናለች፣ ደህና ናት፤ ማን ልበል?

«ሐኪሙ ነኝ።»

«እዚህ የታመመ ሰው የለም ጌታዬ» ብላ ዘጋችው።

ሚስቱ ስልክ ጆሮው ላይ አይታ ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ቀጥ አለች።

«ተደወለ?» አለችው።

«አልተደወለም» አላት። እንደዚያ ቀን ያለ መራራ እውነት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።