ሻንቶ ቆሞ ወደ ሻንቶ የሚጣራው

ለሚመለከታችሁም ለማይመለከታችሁም! የቡድናችንን ተግባቦት ወደ ላቀ ምዕራፍ ለማሸጋገር ሲባል፣ ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ በቴሌግራም ገጻችን ላይ አውራ ጣት ብቻ ልኮ ዝም ማለት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ውሳኔው ይህ መልእክት ከተነበበበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ነው።

ማስታወቂያውን ያወጣው መክብብ ነው። የስኳር ድንች ሐረግ አባዝቶ ለገበሬ የሚያከፋፍል የአንድ ድርጅት የወላይታ አስተባባሪ ነው። ሶዶ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሦስት ሰዎችን በርቀት ያስተዳድራል። መልእክቱን ላከና ጠበቀ። ወዲያው ሦስት አውራ ጣቶች ተከታትለው መጡ።

«ይሄ ንቀት ነው ወይስ ሴራ?» አለ ለጠረጴዛው።

ንቀት ቢሆን ይሻለው ነበር። ንቀትን ያውቀዋል፤ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ሴራን ለመፍራት ግን በዚያ ሰሞን በቂ ምክንያት ነበረው። አዲስ አበባ ያሉት የፕሮግራም ኃላፊ፣ ወይዘሮ ሰብለ፣ በቀደም ደውለውለት ነበር።

«መክብብ፣ በጀት ጠቧል። ከአራታችሁ የምትቀሩት ሦስት ናችሁ። የወሩ የመጨረሻ ሰኞ ስብሰባችሁ ላይ እገባለሁ፤ ተግባቦቱ የላላውን ሰው ስም ያኔ ትሰጠኛለህ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ስም ባላገኝስ?»

«ያኔ የማያስፈልገው ሰው ማን እንደሆነ ይገባኛል» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ ወይ አንድ ስም ያወጣል፣ ወይ ራሱ ይወጣል።

ለመምረጥ ብዙ ሰው አልነበረውም። ጋሽ ወልደመስቀል ቆላው ላይ፣ ተበላ ከተማ ናቸው፤ ሐረጉ በመስኖ የሚባዛው በእሳቸው እጅ ነው። አሳየሽ ቦዲቲ፣ ፋኑኤል ሻንቶ ሆነው ለገበሬው ያድላሉ። ሐረግ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ሰው አይጠብቅም፤ ቶሎ ካልተተከለ ይጠወልግና የፍየል ይሆናል። መክብብ ሥራውን በተረከበ ጊዜ ለዚሁ ብሎ ሥርዓት ዘረጋላቸው፦ ላኪ ይጽፋል፣ ተቀባይ ያረጋግጣል፣ አስተባባሪ ያጸድቃል፣ ከዚያ በኋላ ይጫናል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጆንያ ሐረግ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቅጠል አልጠወለገችም። መክብብም «ሥርዓቱ ሥር ሰዷል» ብሎ አዲስ አበባ ጻፈ።

በልቡ የያዘው የጋሽ ወልደመስቀልን ስም ነበር። ሽማግሌው ምን ቢጻፍላቸው «እሺ» ነው መልሳቸው፤ ከአውራ ጣት ያለፈ ነገር ከእሳቸው የመጣው ያ «እሺ» ብቻ ነው። ማስረጃ ግን ያስፈልግ ነበርና መክብብ በየሰኞው የስልክ ስብሰባ ጆሮውን ማሾል ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ስብሰባው ላይ ሲያዳምጥ የኖረው ራሱን ነበር። አሁን ሌሎቹን ሲሰማ አንድ ነገር ይከረክረው ጀመር።

መጀመሪያ የሳቃቸው ነገር ነው። ፋኑኤል ቀልድ ጣል ሲያደርግ ሦስቱም እኩል ይስቃሉ። ካሜራ እንኳ በማያስከፍታቸው በዚህ ኔትወርክ! ወይዘሮ ሰብለ አንዴ ስብሰባ ገብተው የሳቁት ቀልዱ ተረስቶ፣ እሱ ስለ በጀት እጥረት ማውራት ከጀመረ በኋላ ነው። ተበላ፣ ቦዲቲና ሻንቶ ተለያይተው የተቀመጡ ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው በአንድ ትንፋሽ የሚስቁት በምን ተአምር ነው?

ቀጥሎ ደግሞ ማስነጠሱ መጣ። መክብብ ስለ ወቅታዊ መረጃ አስፈላጊነት እየተናገረ ሳለ፣ አሳየሽ ከቦዲቲ ድንገት «ይማርህ!» አለች።

«ማንን ነው?»

«አንተን ነዋ።»

«እኔ አላነጠስኩም።»

«ለሚቀጥለው ይሁንልህ፣ መክብቤ።»

ማይኩን ዘግቶ የቆየው ፋኑኤል ነበር። ተራው ደርሶ ሲከፍት አፍንጫው ድፍን ብሏል።

ሦስተኛው ግን የባሰ ነው። ጋሽ ወልደመስቀል በተናገሩ ቁጥር ከኋላቸው አንድ የጎረነነ ድምፅ ይገባል፤ «ሻንቶ! ሻንቶ! አንድ ሰው የቀረው!»

«ጋሼ፣ ተበላ ላይ የሻንቶ መኪና ይጭናል እንዴ?»

«አገሩ ሰፍቷል ልጄ» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል።

ፋኑኤልም ሲናገር ያው የታክሲ ረዳት፣ በዚያው ጉሮሮ ይጣራል። መክብብ መጀመሪያ አልገረመውም፤ የሻንቶ ሰው ነው፣ ስለ ሻንቶ ቢጮኽለት ምን አለበት? ምሳውን እየበላ ሳለ ግን ጉርሻው አፉ ላይ ቆመ። ሻንቶ ቆሞ ወደ ሻንቶ የሚጣራ ረዳት ምን ዓይነት ረዳት ነው?

ከዚያች ጉርሻ በኋላ እንቅልፍ አጣ። ፋኑኤል ሥራውን ለሌላ ሰው አከራይቶ ሶዶ ይኖራል ብሎ ጠረጠረ። ቆይቶ፣ አይ፣ ድምፁ የተቀዳ ነው፣ ሆን ብለው የሚያጫውቱት ነው አለ። በመጨረሻ፣ ስለ ቅነሳው ሰምተዋል፣ እኔን ሊያስወጡ መክረዋል ብሎ እዚያው ላይ ረጋ። ይሄኛው ከሁሉም ስለሚያስፈራ ከሁሉም እውነት መሰለው። ወጥመድም ሞከረ፤ ሦስቱንም ድንገት ስለ አየሩ ጠየቃቸው። «እሳት!» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል። «ብርድ» አለች አሳየሽ። «ደኅና» አለ ፋኑኤል። ሁሉም ትክክል ነበሩ። ሁሉም ትክክል መሆናቸው ራሱ ደስ አላለውም።

የወሩ የመጨረሻ ሰኞ ደረሰ። ወይዘሮ ሰብለ ዘግየት ብለው እንደሚገቡ አስታውቀዋል። መክብብ እንደ ልማዱ የመናኸሪያው ጫጫታ እንዳይገባበት መስኮቱን ዘግቶ ስብሰባውን ከፈተ። ጭንቀቱም ሙቀቱም ሲበረታበት ተነሣና መስኮቱን ገፋ አደረገው።

«ሻንቶ! ሻንቶ! አንድ ሰው የቀረው!» አለ መስኮቱ።

መክብብ እጁ መስኮቱ ላይ ቀረ። ሁለቴ ያህል ተነፈሰ። ከዚያም ያው ቃል፣ ያው ጉርናኔ፣ በስልኩ ውስጥ ከተበላ መጣ።

«ጋሼ ይቀጥሉ» አለ እንደ ምንም ድምፁን አለስልሶ፤ «ማይኬን ዘግቼ እየሰማሁ ነው።» ስልኩን ከውኃ ጠርሙሱ ጋር አስደግፎ፣ ካሜራውን ለባዶ ወንበሩ ትቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

ረዳቱን ለማግኘት ዓይን አያስፈልግም ነበር። ሚኒባሷ የቆመችው መንገዱን ተሻግሮ፣ የሽኩር ስፖንጅ ፍራሽ መደብር በር ላይ ነው። ሽኩር ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ልጅ ሲሆን፣ ደንበኛን ከሩቅ ያውቃል፤ ደንበኛ ያልሆነውንም።

«ፍራሽ ነው?» አለው በሩን በትከሻው ሞልቶ።

«ሰው ፈልጌ ነው።»

«ሰው የለንም። ፍራሽ ነው ያለው። ነጠላ ልስጥህ ድርብ?»

ከውስጥ፣ ከተደረደሩት ፍራሾች ጀርባ፣ «እዚህ ተበላ ፀሐዩ አናት ይበሳል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽኩር የመደብሩን መደርደሪያ የሚያናውጥ ሳል ጀመረ። መክብብ በክንዱ ሥር ሾልኮ ገባ።

ሦስቱም እዚያ ነበሩ። ተጠቅልለው በቆሙ ፍራሾች መካከል፣ ድምፅ በማያስተጋባበት፣ እያንዳንዳቸው ፊታቸውን ለተለያየ ግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልደመስቀል በሶዶ ደመና ውስጥ ባርኔጣቸውን አውልቀው እያራገቡ የተበላን ሙቀት ይሠሩታል። አሳየሽ ደግሞ ለቦዲቲ ብርድ ጋቢ ተከናንባለች። ከመካከላቸው አፉ የተፈታ እርጥብ ጆንያ አለ። በአፋቸው ለስብሰባው እያወሩ፣ በእጃቸው ሐረጉን ይህ የቦዲቲ፣ ይህ የሻንቶ እያሉ ይከፋፈላሉ።

ሦስቱም እኩል ማይካቸውን ዘጉ።

«ሳሮ» አሉት ጋሽ ወልደመስቀል በወላይትኛ ሰላምታ፣ እንግዳ ቤታቸው እንደመጣባቸው ሁሉ። «ቁጭ በል እንጂ።»

«ጋሼ፣ ተበላ ነኝ አላሉም?»

«ትናንት ነበርኩ። ማታ እገባለሁ። አሁን ሐረጉን ይዤ መጣሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ ጉድ?»

«ሁለቱ ጆንያ ከደረቀ ጀምሮ» አለች አሳየሽ። «ረሳኸው? እኔ ‹ላኩልኝ› ብዬ ጻፍኩ። አንተ ‹ይረጋገጥ› አልክ። አረጋገጥኩ። ጋሼ ጋ ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። አንተ ስለ ጉዳዩ ስብሰባ ጠራህ። ስብሰባው ሲያልቅ ሐረጉ ገመድ ሆኗል። እነዚያን ገበሬዎች ፊት ለፊት ያየኋቸው እኔ ነኝ፣ መክብቤ። አንተ አይደለህም።»

«አሁን እዚህ እንካፈላለን፣ የሻንቶውና የቦዲቲው መኪና ከበሩ ይጭናል፣ ከምሳ በፊት ገበሬው እጅ ነው» አለ ፋኑኤል። «ሥርዓቱ ሥር ሰዷል።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም? መንገድ ተሻግሬ እኮ ነው ያለሁት!»

«ብንነግርህ ስብሰባ ታደርገዋለህ።»

ሽኩር በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ፤ አሁን ግን አልሳለም።

መክብብ ተሳድቦ መውጣት አማረው። ነገር ግን የሦስቱ ዓይን አስፈራው። የተያዘ ሰው ዓይን አልነበረም። እነሱም እሱን እንደያዙት ነው የሚያዩት።

«እና» አለ ፋኑኤል አንድ የሐረግ ቁራጭ ጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ «ማንን ልታስቆርጥ ነው?»

«ምኑን?»

«ተው እንጂ አለቃ። ከአራት አንድ። ወይዘሮ ሰብለ ለእኔም ደውለውልኛል።»

«ለእኔም» አለች አሳየሽ። «‹የአንድ ሰው ስም፣ ለማንም እንዳትነግሪ› አሉኝ። ለጋሼም እንደዚያው። በተከታዩ ሰኞ እዚህ ተገናኝተን ተነጋገርነው። ያልነገረን አንተ ብቻ ነህ።»

መክብብ አንዱ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ፤ ፍራሹም ዝቅ አድርጎ ሕፃን አስመሰለው። «የማንን ስም ሰጣችሁ?»

ሦስቱም ወደ ሐረጉ አዩ።

«አልሰጠንም» አሉ በኋላ ጋሽ ወልደመስቀል።

«የእኔን ነው የሰጣችሁት።»

«ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስብሰባ የሚመራን አንተ ትሆን ነበር?» አለ ፋኑኤል።

ጥሩ መልስ ነበር። መክብብን ደግሞ ከመጥፎ መልስ ይልቅ ጥሩ መልስ ያስፈራዋል።

«አንተስ?» አለች አሳየሽ። «የማንን ይዘህ ነው የመጣኸው?»

መክብብ ጋሽ ወልደመስቀልን ላለማየት ጣሪያውን አየ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከጆንያው አንድ እቅፍ እርጥብ ሐረግ አንሥተው እጁ ላይ ጫኑበት። «ያዝ እስቲ። የሻንቶ ነው። መሬት እንዳይነካብህ።» የእሳቸውን ስም መያዙን ይወቁ አይወቁ ፊታቸው አይናገርም።

በዚህ መካከል ሦስቱም ስልኮች በአንድነት ተናገሩ።

«ሰላም ለሁላችሁ» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «መክብብ አለህ? ... መክብብ? እኔ የሚታየኝ ወንበር ነው።»

መክብብ ወደ በሩ አየ። መንገዱን ተሻግሮ፣ ደረጃውን ወጥቶ ወንበሩ ላይ እስኪደርስ እነዚህ ሦስት ሰዎች ከኃላፊዋ ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። ምን ሊሉ? ስንቱን ሊሉ? አይሆንም። ከጎኑ ያለውን የጋሽ ወልደመስቀልን ስልክ አንሥቶ ማይኩን ከፈተ።

«አለሁ፣ ወይዘሮ ሰብለ።»

«ይሄ የተበላ ስልክ ነው። ሶዶ አይደለህም?»

«አለሁ» አለ መክብብ ደግሞ።

«ወንበርህ ሶዶ፣ ድምፅህ ተበላ... እሺ፣ ወደሱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ያልኩህን ስም። በግል ልትነግረኝ ከፈለግህ መልሰህ ደውልልኝ።»

ያኔ ነገሩ ፍንትው አለለት። አንድ ስም ጠየቁ እንጂ ሦስት መስጠት ይችላል። ‹ሦስቱም በጣቢያቸው የሉም፣ እጅ ከፍንጅ ይዣቸዋለሁ› ቢል ወንበሩ የሱ ነው። ግን ኃላፊዋ ቀጥለው «ከመቼ ጀምሮ? የት ተቀምጠው?» ይላሉ፤ መልሱም የገዛ መስኮቱ ሥር ነው። ደግሞ ሐረጉን ከዚያ በኋላ ማን ያደርሰዋል? ደግሞስ እነዚህ ሰዎች የሱን ስም ሰጥተው ከሆነ ማንን ነው የሚያተርፈው? ካልሰጡትስ? ሁለቱንም እያገላበጠ ሳለ ውኃው ከሐረጉ እየተንጠባጠበ ጫማው ውስጥ ገባ።

«የሚቆረጥ ሰው የለኝም» አለ።

አሳየሽ ጋቢዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«እንዴት?» አሉ ወይዘሮ ሰብለ።

«የለኝም፣ ወይዘሮ ሰብለ።»

«ስም ከሌለህ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«መክብብ፣ ስማኝ» አሉ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኅት ሆኖ። «ልረዳህ እየሞከርኩ ነው። እዚያ ምን እየተሠራ ነው? ለምንድን ነው ስም የማትሰጠኝ? አንድ በቂ ምክንያት አብራራልኝ፤ እኔ ከላይ ያሉትን አሳምንልሃለሁ።»

ሦስቱ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው፣ መልስ የሚቆጥርለትን ረዳት እጅ እንደሚያይ ተሳፋሪ አፍ አፉን ያዩታል። ፋኑኤል ራሱን ነቀነቀ፤ ተናገር ማለቱ ይሁን አትናገር ማለቱ አይታወቅም።

ቢያብራራ ስብሰባ ይሆናል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ እቅፉ ላይ ያለው ሐረግ ገመድ ነው።

«አላብራራም» አለ መክብብ።