«መጣሁ» ብሎ የወጣው አናጢ

ልብስ ሰፊዋ የዩኒፎርም ቁልፍ ስትተክል፣ ልጇ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘርግፋ «ውይ እማዬ፣ ላጲሴ መጣሁ ብሏል» አለች።

«ምን ብሏል?»

«ጠፋ ማለት ነዋ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ከአናጢዎቹ ሰፈር የመጣ ቃል ነው አሉ።»

እናትዬው ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ባሏ እዚያ ሰፈር፣ በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ውስጥ አናጢ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ለሥራ እንደወጣ በዚያው ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ ሬሳ ማቆያ፣ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ኋላ ፍለጋውን ተወች፤ እንባዋም ተዋት።

በማግስቱ ወደ አናጢዎቹ ሄደች። አለቃቸው፣ ባሏ «ጋሼ» ይላቸው የነበሩት ሽማግሌ፣ ሲያዩአት መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«ቃሉ ከእናንተ ነው የወጣው ጋሼ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከሱሪያቸው ላይ ፍቅፋቂ አራገፉ።

«ከእኛው ነው ልጄ። ያን ቀን በር ስንገጥም ማጠፊያ አነሰን። ‹መጣሁ ጋሼ፣ ይያዙልኝ› ብሎኝ ወጣ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማንም አልቀለደም። በኋላ አንዱ መዶሻ ጠፍቶበት ‹መጣሁ ብሏል› ሲል ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ኮቱን ለብሶ ነበር?»

«የለም፣ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ትቶት ነው የሄደው። አንቺው መጥተሽ ወሰድሽው እኮ።»

እውነት ነው፣ ወስዳዋለች። አምና ፈትታ በልጅቷ ልክ ሰፍታዋለች፤ ስትቆርጠው የማን እንደነበር እንኳ ትዝ አላላትም።

አሁን አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆናል ብላ ትንሽ ቆመች። ምንም የለም። አመስግናቸው ወጣች።

ማታ ለልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ አዳመጠች።

«አባዬ ሲለው ግን ምን ማለቱ ነበር?»

«አሁን እመለሳለሁ ማለቱ ነዋ።»

«ውሸቱን?»

«አላውቅም ልጄ።»

ልጅቷ ለክፍሏ ልጆች ተናገረች። ሁለት ቀን ያህል ማንም ቃሉን አፉ ላይ አላመጣውም። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ረስተው እንደ ድሮው ማለት ጀመሩ። ይህንን ለእናቷ ስትነግራት፣ እናትዬው «ይሁን» አለችና የሚቀጥለውን እጅጌ መርፌው ሥር አስገባች።