የአውራ ዶሮዬ ገዳይ

ፊታውራሪን የገደለው ማን ነው? ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። ፊታውራሪ አውራ ዶሮዬ ነው። ኦክላንድ እምብርት ላይ፣ በጓሮዬ፣ ሳይነጋ ለጸሎት ይቀሰቅሰኝና ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውል ነበር። አንድ ቀን ጸጥ አለ። አጥሩ ሥር ላባ ብቻ ቀረ። ባለቤቴ ሲሞት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

“ገዳዩ ተከራዬ ከሆነ ዛሬውኑ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል!” ብዬ ለሰው ሁሉ ለፍፌያለሁ። ምድር ቤቱን የተከራየው ዘርኡ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። አላሜዳ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ይተኛል። ከእኔ ቤት ከወጣ፣ በዚህ ኪራይ ከከተማው ርቆ፣ ከኮንኮርድ ወዲያ እንኳ ክፍል አያገኝም።

እሑድ ልጄ ቢሌን ለኮሌጅ ክላሷ የምታየውን ጥንታዊ ፊልም ሳሎን ከፈተች። ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ሰሞን የተሠራ ነው። የባለቤቴ ወንድም ጋሼ ተፈራና ዘርኡም አብረውን ተቀመጡ።

ፊልሙ ላይ አንዲት ዘፋኝ ከጠዋት እስከ ማታ ትለማመዳለች። ዘፈን አትበሉት፤ እናቷ የጠፋችባት ግልገል ናት። ከሥሯ የሚኖር ዳቦ ጋጋሪ ሌሊት ሲጋግር አድሮ፣ ቀን ጆሮውን በትራስ ይደፍናል። በመጨረሻ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ጫማው ሲጢጥ ይላል፤ እሷ ትዘፍናለች። ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ።

“ተገላገልን!” አልኩ።

“እማ! ሂ ጀስት ኪልድ ሀር! ገደላት እኮ!” አለች ቢሌን።

“ታዲያ ምን ያድርግ? እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰው ነው?” የሕንፃው ነዋሪዎች ተሰብስበው ሊፈርዱበት ሲነሡ ጭራሽ ደሜ ፈላ። “ያልተነካ ግልግል ያውቃል! እኔ ብሆን እምረው ነበር!”

ዘርኡ ብድግ አለ። ላብ አጥምቆታል።

“እትዬ ሸዋረጋ፣ ፊታውራሪን ያረድኩት እኔ ነኝ። ናይት ሺፍት ሠርቼ ስመጣ ትራሴ ውስጥ የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር።”

“ሻንጣህን!” ብዬ ተነሣሁ። ጋሼ ተፈራ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

“ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እምረዋለሁ ስትዪ ሰምተናል።”

“ያልኩት ስለ ዳቦ ጋጋሪው ነው!”

“ሰው የገደለውን ምረሽ፣ ዶሮ የገደለውን ልታባርሪ?”

አንድ ክስ ብቻ ቀረኝ። “በጾም በላኸው?”

“ኧረ በስመ አብ! በየብልቱ ገነጣጥዬ፣ አጥቤ፣ ፍሪዘርዎ ውስጥ ከበርበሬው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለፋሲካ።”

ሄጄ ከፈትኩ። በፎይል ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ የኔ ጌታ። ፍሪዘሩን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ፈረድኩ፦ ዘርኡ ይቀመጣል፤ ግን በየንጋቱ ከሥራው ደውሎ ለጸሎት ይቀሰቅሰኛል።

አንድም ቀን ሳያጓድል “እትዬ፣ ነግቷል፣ ይነሡ” ሲለኝ ሁዳዴ አለቀ። ፋሲካ ዕለት ወጡን ጋሼ ተፈራ ብቻቸውን ጨረሱት። የእኔም የገዳዩም እጅ እምቢ አለ።