አንድ ጫማ ብቻ

ጫማ ሰፊው ካሉ አሉ ነው። ወሩ ሲያልቅ የጫማ መስፊያ ክፍላቸውን ዘግተው የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ ሊሆኑ ተስማምተዋል፤ ከተስማሙ ደግሞ የሚመልሳቸው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ወስፌ የያዘ እጅ የፋብሪካ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ሊውል ነው። ይህን የሰማችው የእህታቸው ልጅ ግን እንቢኝ አለች። እሷ የምትሠራው ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሰው ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ ከውጤቱ በላይ ቀድመው ብቅ የሚሉትን፣ የሚከፈልባቸውን ማስታወቂያዎች ስታሰናዳ ስድስት ዓመት ሆኗታል።

«ሦስት ሳምንት ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ሰው ካልመጣ እኔው ራሴ ፋብሪካው በር ድረስ እሸኝዎታለሁ።»

ማስታወቂያው ወጣ። «በእጅ የተሰፋ፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ ዘመን የማይሽረው ጫማ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን የደረሱት ራሳቸው አጎቷ ናቸው፤ አንዲት ቃል ብትነካባቸው ያኮርፋሉ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ስልኩ ላይ ማስታወቂያውን የነካ ሰው ብዙ ነው፤ መጥቶ በሩን ያንኳኳ ግን አንድም አልተገኘም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ አጎትየው። «የሰዎችሽ ጣት ብቻ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። እኔ የምፈልገው እግራቸውን ነበር።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ መጣችባቸው። የአጎቷ መስፊያ ክፍል ጠባብ ናት፤ ቆዳና ማስቲሽ ትሸታለች፤ ግድግዳው ላይ የእግር ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አንድ ዝርዝር ከፈተች። ማስታወቂያው የታያቸው ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደነበር፣ በገዛ ጣታቸው የጻፉት ቃል እንዳለ ተደርድሮ ይታያል። የሙያው ደንብ ይህን አንብቦ የማይረባውን ቃል ማገድ ነው። ቃሉ ከታገደ፣ እሱን ለሚጽፍ ሰው ማስታወቂያው ዳግመኛ አይታይም፤ ገንዘቡም በከንቱ አይፈስም።

«‹ነጭ ጫማ እንዴት ይታጠባል›» ብላ አነበበችና አገደችው። «‹የጫማ ሥዕል አሳሳል›» የሚለውንም አገደችው። «‹ጫማ በነፃ›።»

«በነፃማ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ» አሉ አጎቷ ክሩን በሰም እያሹ።

«‹አንድ ጫማ ብቻ የሚሸጥ›።» ሳቋ አመለጣት። «ይሄን ደግሞ ሌላኛውን ውሻ ወስዶበታል።» «አንድ» የሚለውን ቃል ከታገዱት ጋር ደባለቀችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንደሷ ዓይነቷ ነው።

አጎቷ ክሩን አስቀመጡ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«ሌላም ‹አንድ› የሚል ካለ ፈልጊልኝ።»

ልትከራከር ብላ ፊታቸውን አየችና ተወችው። ቃሉን ጻፈች፤ ዝርዝሩም ተለቅሞ ወጣ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር ማንበብ የጀመረችው፤ እየቆየች ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«‹አንድ የግራ ጫማ ብቻ የት ይገኛል›። ‹አንድ እግሩ ላበጠ ሰው የሚሆን ጫማ›። ‹እናቴ አንድ እግሯ ተቆርጧል ጫማ በነጠላ ይሸጣሉ ወይ›። ‹የልጄ አንድ እግር ያጥራል ትምህርት ቤት እንዳይስቁባት ምን ዓይነት ጫማ›። ‹አንድ እግሬ አርባ አንዱ አርባ ሦስት ቁጥር ሳይቆጡ የሚሸጡ›።» እዚህ ላይ ቆመች። «ሳይቆጡ ይላል፣ ጋሼ።»

«ስንት ናቸው?»

ቆጠረች። «በዚህች ከተማ ብቻ፣ በሁለት ሳምንት፣ ሰማንያ ሰባት።»

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ዝርዝር ስታበጥር፣ ስታግድ፣ ስትሰርዝ ኖራለች፤ በቀን ሺህ መስመር ያለፈበት ጊዜም አለ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው መሆኑን አልሳተችውም፤ ታውቀዋለች። እንዲህ ዓይን ለዓይን ገጥማው ግን አታውቅም። ሰማንያ ሰባት ሰው ለጎረቤቱ ያልተናገረውን፣ ባለሱቅ ፊት ሊያወጣው ያፈረውን፣ ጭር ሲል ለዚህ ነጭ የመፈለጊያ ሣጥን ነግሮታል። እሷም «አንድ» የሚለውን አግዳ በሩን በሁሉም ላይ ልትዘጋባቸው ነበር። እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች፤ ለመንካት ፈራች።

«የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ አንድ ሰው መጥቶ ‹ግራውን ብቻ ይስፉልኝ› አለኝ» አሉ አጎቷ። «‹ጫማ ጥንድ ነው፣ ሂድ ወዲያ፣ ቀልድህን ሌላ ቦታ› ብዬ መለስኩት። ቀና ብዬ ፊቱን ነው ያየሁት። ጫማ ሰፊ ሆኜ ዝቅ ብዬ እግሩን አላየሁለትም።»

ሁለቱም ዝርዝሩን አዩ። ማልቀስም መሳቅም አማራት፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ሰባት ሰው ገብቶ የቆመ ያህል ተሰማት።

ኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «አንድ» የሚለውን ከእገዳው አወጣች። ሰዎቹ የጻፏቸውን ቃላት ሰብስባ ለብቻቸው አንድ ማስታወቂያ አበጀችላቸው፤ ሲነኩትም አድራሻው፣ ስልኩና የሥራ ሰዓቱ ብቻ የሚታይበት ቀለል ያለ ገጽ እንዲከፈትላቸው አደረገች።

«ዘመን የማይሽረውንስ?» ብላ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች።

«ሰርዢው። ለማን ይጠቅማል?» አሉና ቃል በቃል አስጻፏት። «አንድ ጫማ ብቻ እንሰፋለን። እግሮችዎ ባይመሳሰሉም ይምጡ። አንቆጣም።»

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት በሁለት ክራንች ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። አልገቡም።

«ማስታወቂያው እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው፣ ይግቡ» አሉ ጫማ ሰፊው። ወንበር ሰጥተው፣ ራሳቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው መለኪያቸውን አወጡ። ልጅቷ ጥግ ላይ ሆና ስልክ ታነሳለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ይኼ አራተኛው ነው።

«ቀኝ እግሬ ከተቆረጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉ መምህርቷ። «ጫማዬ ባለቀ ቁጥር ስልኬ ላይ ‹አንድ ጫማ ብቻ› ብዬ እጽፋለሁ፤ የሚመጣልኝ ግን ጥንድ ጥንድ ነው። ምን ላድርግ፣ እገዛለሁ። ቤቴ ውስጥ እግር ያልገባባቸው ስምንት የቀኝ ጫማዎች አሉ፤ መጣሉ አላስቻለኝም። አሁንም ልማድ ሆኖብኝ ጻፍኩ። ‹አንድ ጫማ ብቻ እንሰፋለን› ሲለኝ ዓይኔን አላመንኩም፤ ሦስቴ አነበብኩት። ዘጠኝ ዓመት የጠየቅኩት ነገር መለሰልኝ።»

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ንግግሯ ተቋረጠ። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰውዬ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል።

ጫማ ሰፊው የግራውን እግር ዙሪያውን ለኩ። ተረከዙን ለኩ። የጣቶቹን ከፍታ ለኩ። ከዚህ በፊት እግር አይተው የማያውቁ ይመስል፣ የለኩትን ደግመው ለኩት።

«ለመቼ ይደርስልኛል?» አሉ መምህርቷ። «አልቸኩልም። የሚቀጥለው ወር ቢሆንም ግድ የለኝም።»

ጫማ ሰፊው ቀና ብለው የእህታቸውን ልጅ አዩ፤ ከዚያ ወደ እግሩ ተመለሱ።

«በሚቀጥለው ወር ይምጡ» አሉ። «እዚሁ ነኝ።»