ሰባቱን የደበቅኋቸው ቀን

የሕፃናት ማቆያዬ ፈቃድ ላይ የተጻፈው አሥራ አንድ ልጅ ነው። እኔ ግን ብቻዬን አሥራ ስምንት እይዛለሁ። በከተማችን በክሳር ሂላል ግማሹ ሴት የሚውለው ስፌት ፋብሪካ ነው። ሕፃኗን ታቅፋ ደጄ ላይ የምታለቅስ እናትን "ቦታ የለም" ብሎ የሚመልስ አንጀት ያለው ሰው ካለ፣ እሱ መጥቶ ይመልሳት።

ስለዚህ "ከቱኒስ አንዲት ሴት መጥታ የሕፃናት ማቆያዎችን ታጠናለች" ሲሉኝ ጉዴ ፈላ አልኩ። ጥናት ነው ይላሉ፤ ደብዳቤም ልከውልኛል። ለእኔ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ አጥንቶ አጥንቶ በር ያሽጋል። በምትመጣበት ቀን በማለዳ ሰባቱን ልጆች ግድግዳ ወደምንጋራት ወደ ዞህራ ቤት አሻገርኳቸው።

"ሦስት ሰዓት ብቻ ያዢልኝ" አልኳት።

"አንቺ ሞንጂያ፣ ጉልበቴን አታውቂውም እንዴ? አንዱ ቢያመልጠኝ በምን እግሬ ልደርስበት ነው?"

"በሩን ቆልፈሽ ቁጭ በይ።"

አጥኚዋ ኢብቲሃል ትባላለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ እኔ ግን ከፍርሃቴ የተነሳ "እርስዎ" እያልኩ አሽቃበጥኩ። ሻይ አልፈልግም አለች። የልጆቹ ወንበር ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

"እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ ማዳም" አለችኝ። "ልጆቹን አልነካም፣ አላናግርም፤ ደንባችን ነው። የማየውን ብቻ እጽፋለሁ።"

እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ ትላለች! እጅ አስታጥባለሁ፣ ትጽፋለች። አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ትጽፋለች። ፋራህ የጓደኛዋን ፀጉር ስትጎትት ጊዜማ ሁለት መስመር ሙሉ ጻፈች። ለአንድ ፀጉር ሁለት መስመር!

ከመጣች አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ዳቦ ላወርድ ወደ መደርደሪያው ሄድኩና የኢያድን የሚነፋ የአስም መድኃኒት አየሁት። ኢያድ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከደበቅኋቸው ከሰባቱ አንዱ። እናቱ ራፊቃ ሁልጊዜ ጠዋት መድኃኒቱን በእጄ እየሰጠች "ከዓይንሽ እንዳይርቅ" ትለኛለች። ዞህራ ደግሞ ሸማኔ ናት። ቤቷ የሱፍ ብናኝ ነው።

ብወጣ አሥራ አንድ ሕፃን ጥዬ ነው፤ ትጽፋለች። ብትጽፍ ይዘጉብኛል። ቢዘጉብኝ አሥራ ስምንቱም ሜዳ ላይ ቀሩ። ምናልባት ልጁ ደህና ይሆናል፣ ስንት ቀን ሳይነሳበት ውሎ የለም ወይ እያልኩ ራሴን ደለልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በግድግዳው በኩል ሳል ተሰማኝ። አንዴ። ቆይቶ ደግሞ ተከታትሎ።

ያኔ ያደረግሁትን ለመናገር አፍራለሁ። ልጆቹን አስነስቼ ጮክ ብለው እንዲዘፍኑ አደረግኩ። ሳሉ እንዳይሰማ። እኔም እያጨበጨብኩ አብሬ ዘፈንኩ። አጥኚዋ ፈገግ ብላ ጻፈች።

ከዚያ ዞህራ ግድግዳውን በጡጫ መምታት ጀመረች።

መድኃኒቱን አንስቼ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ በረርኩ። ዞህራ በሩን ቆልፋ ቁልፉን የት እንዳደረገችው ጠፍቷት ትተራመሳለች። እኔው ቆልፊ ያልኳት! በሩ እስኪከፈት ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። ኢያድ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። መድኃኒቱን አፉ ውስጥ አድርጌ ነፋሁለት፤ ደገምኩለት። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ሲመለስ እኔ አለቀስኩ።

ኢያድን አዝዬ፣ ስድስቱን አስከትዬ ተመለስኩ። ኢብቲሃል ሁለት ሕፃን ታቅፋ፣ አንዱ እግሯ ላይ ተጠምጥሞባት አገኘኋት። ቅጿን ልጆቹ ረግጠውታል።

"በአጠቃላይ ስንት ናቸው?" አለችኝ።

"አሥራ ስምንት።"

"ለምን ደበቁኝ? እኔ እኮ የመጣሁት ስንት ልጅ ቦታ እንዳጣ ለመቁጠር ነው። እዚህ ሰፈር አራት ቤት አይቻለሁ፤ አንዱም ጋ ከልኩ በላይ ልጅ አልነበረም። ሌላ ማቆያ አያስፈልግም ብዬ ልጽፍ ነበር።"

"ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?" ብዬ ጮህኩባት። አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

"ደብዳቤው ላይ ተጽፏል ማዳም።"

ደብዳቤውንማ ከፍርሃቴ የተነሳ አልከፈትኩትም።

"ልታዘጊብኝ ነው?"

"ለዚያ ሥልጣን የለኝም" አለች፣ የኢያድን ጀርባ እያሻሸች። "ግን ለእናቱ ይንገሯት።"

አመሻሽ ላይ ራፊቃ ቀሚሷ ላይ ክር እንደተጣበቀ ከፋብሪካ መጣች። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ መድኃኒቱን፣ የተቆለፈውን በር፣ ዘፈኑን ጭምር። ፊቷ አመድ መሰለ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ እወድ ነበር። ልጇን ከእጄ ወሰደችና ደረቱ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

ቀና ስትል ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አጣሁ። ፈርታለች። የፈራችው እኔን ነው።

"ሞንጂያ፣ በዚህ የተነሳ ልጁን እንዳታስወጪብኝ" አለችኝ። "ነገም ሥራ አለኝ።"