ከአውራ በጉ ሥር

«እማዬ፣ ቤታችን የቱ ጋ ነው?»

ጄኔት ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ካርታ ጎንበስ ብላ ይህን ስትጠይቅ እናቷ ዲና ኤሪ ብሩሿን አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ነክራ ነበር። አቶ ቴክስተን በሰሜን እንግሊዝ ኬንዳል ከተማ የሚያሳትሙትን የጎብኚዎች ካርታ ቀለም መቀባት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ወንዙን ሰማያዊ፣ ጫካውን አረንጓዴ እያደረገች ስንት መቶ ወረቀት በእጇ አልፏል። ፊደል ግን አልቆጠረችም።

«እዚያው አካባቢ ነዋ» አለች።

«እዚያው የት?» ብላ ልጅቷ ሳቀች። ዲና አልሳቀችም።

ባቡር ከገባ ወዲህ ከማንቸስተር የሚጎርፈው እንግዳ ሁሉ የአቶ ቴክስተንን ካርታ ይዞ ነው የሚሄደው። ካርታው ላይ ያለ መንደር በጋውን ሙሉ እንግዳ ያሳድራል። የእነ ዲና መንደር ብራንስጊል ግን አንድም ሰው አይመጣባትም። ባሏ ድንጋይ ካባው ውስጥ ሞቶ፣ ሁለት ንጹሕ ክፍሎች ባዶ ተቀምጠዋል። ጄኔት ደግሞ አሥራ ስድስት ሞላት። ገበሬዎች ሠራተኛ የሚቀጥሩበት የቅጥር ገበያ በጰራቅሊጦስና በኅዳር ይቆማል፤ በመጪው ጰራቅሊጦስ እሷም እንደ ሌሎቹ ልጃገረዶች የመቀጠር ምልክት የሆነውን ጭድ በአፏ ነክሳ ትቆማለች። የወደዳት ገበሬ ይወስዳታል፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማን ያውቃል? ዲና ብራንስጊል ካርታው ላይ መኖር አለመኖሯን ራሷ አንብባ ልታረጋግጥ ቆረጠች።

በዚያው ሳምንት፣ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች እሑድ ጠዋት ለትልልቅ ሴቶች የከፈቱት ትምህርት ቤት ገባች።

«ዲና፣ ደግሞ ቄስ ልትሆኚ ነው?» አለቻት ጎረቤቷ ታማር በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ።

«አዎ። መጀመሪያ አንቺን ነው የማናዝዘው።»

እንዲህ ትበል እንጂ ፍርሃቷ ብዙ ነበር። ክፍል ውስጥ የያዘችው ፊደል እቤት ስትደርስ ይጠፋባታል። ለመለማመጃ ከካርታው ሌላ ወረቀት አልነበራትምና የወንዙን ዳር እየተከተለች ስሞቹን መቁጠር ጀመረች። በመጋቢት አንድ ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትደናቀፍ አነበበች። ወፍጮ። ድልድይ። ቤተ ክርስቲያን። ቀጥሎ መምጣት ያለበት ብራንስጊል ነው። ጣቷ ግን አንድ የበግ ቀንድ ላይ ወጣ።

የካርታው ርዕስ የተጻፈው በዚያ ጥግ ነበር፤ ዙሪያውን በዛፍ ቅጠል ጉንጉን ተከቦ፣ ከሥሩ አንድ ትልቅ አውራ በግ ተጋድሟል። ከወረቀቱ ሁሉ እጅግ የሚያምረው እሱ ነው።

«ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የገዛ ቤቴን ቅጠል ሳለብሰው ኖሬያለሁ!» አለች።

ቅዳሜ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ አቶ ቴክስተን ሱቅ ወረደች። ሱቁ ውስጥ ካርታው የሚታተምበትን የመዳብ ሰሌዳ የሚቀርጹት አቶ ሞንሲ ሥራ ላይ ናቸው። የካርታው ሰሌዳ አርባ ዓመት የሞላው ነው፤ አቶ ቴክስተን አሮጌውን ገዝተው በየዓመቱ ለእንግዳ ያድሱታል። ዲና የአቶ ሞንሲን እጅ ማየት አይሰለቻትም። የድሮውን የሰረገላ መንገድ ለማጥፋት ሰሌዳውን ገልብጠው ቦታውን በጀርባው ይለኩና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ይቀጠቅጡታል። ጎድጓዳው ከፊት ይነሣል፤ ይፍቁታል፤ ያለሰልሱታል። ከዚያ ባቡሩን፣ ፏፏቴውን፣ ማደሪያውን ሁሉ ሲታተም እንዲቃና ግራና ቀኙን አገላብጠው ይቀርጹበታል። የቀድሞው መስመር የት እንደነበር በጣት ዳስሶ እንኳ የሚያገኘው የለም።

ብራንስጊል በበጉ ቦታ እንድትገባላት ለአቶ ቴክስተን ነገረቻቸው።

«አውራ በጉን ላጥፋው?» አሉ አቶ ቴክስተን። «ወይዘሮ ኤሪ፣ ሰው ካርታውን የሚገዛው ለእሱ ሲል እኮ ነው!»

«በግ ላይ ግን ማንም አያድርም ጌታዬ።»

አቶ ሞንሲ መቅረጫቸውን አስቀመጡ።

«በጉ የኔ ነው» አሉ። «በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው የቀረጽኩት። አገሩን የሚለካው ሰውዬ ዝናብ ሲበረታበት የብራንስጊልን ሸለቆ ሳይወጣው ተመለሰ። የያኔው አሠሪዬም ‹ባዶውን ሸፍነው› አለኝ፤ ሸፈንኩት። በአርባ ዓመት አንድ ሰው አልጠየቀኝም። የሚያምር ነገር ማን ይጠይቀዋል?»

«ዓይንዎ ለዚህ ሥራ ይበቃል?» አሉ አቶ ቴክስተን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለአንድ መንደር ይበቃል።»

አቶ ቴክስተን እሺ አሉ፤ ማክሰኞም አቶ ሞንሲ በእግራቸው ብራንስጊል ወጡ። እርምጃቸውን እየቆጠሩ፣ የእያንዳንዱን ቤትና የምንጩን ስም እየጠየቁ በደብተራቸው ጻፉ። ሲጨርሱ ሰዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ ደብተሩን ለዲና ሰጧት።

«ያንብቡልኝ፤ እንዳልሳሳት።»

ፊቷ ቀላ። ጀመረች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ከላይኛው ፏፏቴ እስከ ታችኛው በር አንብባ ጨረሰች።

«ኧረ ቄሳችን!» አለች ታማር። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

አውራ በጉ በሁለት ቀን ጠፋ። አቶ ሞንሲ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም፤ መዶሻቸው ሲያርፍ አቶ ቴክስተን እንኳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ርዕሱ ጌጥ ሳይኖረው ከታች ዳር ላይ ተጻፈ። በጥጉ አራት ቤቶች፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ የእግር መንገድ ወጡ።

የመጀመሪያው ወረቀት የደረሰው ጰራቅሊጦስ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ዲና ጄኔትን ጠርታ የልጅቷን ጣት ይዛ ቤቱ ላይ አሳረፈችላት።

«ይኸው። እስከ ኅዳሩ ገበያ እንጠብቅ፤ እንግዳ ካልመጣ ያኔ ትቆሚያለሽ።»

«ከመጣስ?»

«አንሶላ ታጥቢያለሽ።»

በሰኔ ወር ሁለት እኅትማማች መምህራን ካርታውን እንደያዙ በሩን አንኳኩ። ከእነርሱ በኋላ እስከ መስከረም ክፍሎቹ ባዶ አላደሩም።

ኅዳር ሲገባ የታማር ልጅ ጭድ ነክሳ ቆማ፣ ወደ ሩቅ እርሻ ተወሰደች። አቶ ሞንሲም ዓይናቸው እምቢ ስላላቸው መቅረጫቸውን ለአቶ ቴክስተን አስረክበው፣ ላንካስተር ወደምትኖረው እኅታቸው ሄዱ። ጄኔት ግን ከእናቷ ጋር ቤቷ ቀረች።